በኩፖኑ ላይ ያለው ስም

ደብረ ማርቆስ
ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለክርስትና እናቴ ለእትዬ አንጓች፤

ጉልበትዎን ክረምቱ እንዴት አደረገው? ደብዳቤዎን ያመጣችልኝ ቀድሪያ ስለ እርስዎ «ከዘራ ይዛለች፤ ግን ሰው ለመምታት እንጂ ለመደገፍ አይመስልም» ስትለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን አዘንኩ። ሁለት ሮብ ሙሉ መልስ ሳልሰድ መቅረቴን ይቅር ይበሉኝ። ስንፍና አይደለም። የጠየቁኝን በምን አፌ እንደምመልስ ጨንቆኝ ነው።

አዎ፣ ቀድሪያ አልዋሸችም። ብር ሳልሰጣት ድንችና ጎመን ከመደቧ አንስቼ እሄዳለሁ። ዱቤ አይደለም። ልመናም አይደለም፤ እኔ እንኳ አይደለም እላለሁ። ኩፖን ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ወረቀት ነው። በወር አራት ጉርድ አለው፣ ለየሳምንቱ አንድ አንድ። ጉርዱን ይዤ ድርጅቱ ከመዘገባቸው ነጋዴዎች ዘንድ እሄዳለሁ፤ ከእነሱ አንዷ ቀድሪያ ናት። እህል አይገዛም፣ ዘይት አይገዛም፣ ስኳር አይገዛም። ከመሬት የወጣ አትክልት፣ ከዛፍ የወረደ ፍሬ፣ እንቁላልና ወተት ብቻ። ሳምንቱ ካለፈ ጉርዱ ሞተ ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው አይሻገርም።

እንዴት እዚህ ደረስሽ ላሉኝ፣ ነገሩ የጀመረው ከልጄ ከአምደሚካኤል ክንድ ነው። ዘጠኝ ወር ሊሞላው ሲል ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ሕሊና የምትባል ነርስ ቀለም ያለው ሜትር በክንዱ ላይ ጠቀለለችና ቢጫው ላይ ቆመ። ቀይ ቢሆን ሆስፒታል ነበር፤ አረንጓዴ ቢሆን ወደ ቤትሽ ሂጂ ነበር። ቢጫ ማለት ምግቡ አልበቃውም ማለት ነው አለችኝ፣ ሳትቆጣ። ባለቤቴ አንሙት ለመንገድ ሥራ ጂንካ ከወረደ ወዲህ የሚልከው ከቤት ኪራይና ከጤፍ አያልፍም። ልጁ የሚበላው ቀጭን ሽሮ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ይህን ከእርስዎ ደብቄ ነበር። ይኸው አወጣሁት።

አሁን የሚቆጡበት ይመጣል። ድርጅቱ የተመዘገቡትን እናቶች ስም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ግድግዳውን ያውቁታል፤ የሮብ ገበያ ሚኒባስ የሚጠበቅበት ነው። የሰፈራችን ሰው ማርቆስ ውሎ ሲመለስ እዚያ ቆሞ የተለጠፈውን ሁሉ ያነባል፤ ሌላ ምን ሥራ አለው። አባቴ ያን ዓመት ሰንበቴው ላይ ስለ ወይዘሮ ወለተ ማርያም ልጅ የተናገሩትን አልረሳሁም። እጅና እግር እያላት ለእርዳታ የምትሰለፍ ልጅ ያሳደገ ቤት ያሳፍራል አሉ፤ እናትየዋ እዚያው ዳቦ እየቆረሰች። አንሙትንም ገና ሲያዩት የቀን ሠራተኛ አያኖርሽም ብለው ነበር። ስሜ እዚያ ግድግዳ ላይ መኖሩን ከሰሙ በማግስቱ መጥተው እኔንና ልጁን ይወስዱናል። እምቢ ልላቸው አልችልም። አንሙት ሲመለስ የሚያገኘው የተዘጋ ቤት ነው።

ስለዚህ መዝጋቢው ልጅ ስምሽ ማነው ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው የክርስትና ስሜ ሆነ። ወለተ ኪዳን አልኩት። የአባት ስም ሲለኝም የአባቴን የክርስትና ስም ሰጠሁት፣ ወልደ ሰንበት። ጥሩብርሃን ይስማው የምትባል ሴት እዚያ መዝገብ ላይ የለችም።

እባክዎ ለአባቴ አይንገሩብኝ። ስልክ የማልደውለው ለምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ የሰፈሩ ስልክ የእሳቸው ነው፣ የሚወራውም ደጅ ወጥቶ ጮክ ተብሎ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያስተምሩኝ። ባለፈው ሳምንት ጉርዴን በሙሉ በቲማቲም ጨረስኩት፤ በሁለት ቀን ውሃ ሆኖ ቀረ። እኔ የመሪጌታ ልጅ እንጂ የጓሮ ልጅ አይደለሁም። በዚህ ወር ምን ይገዛል?

ልጅዎ ጥሩብርሃን


ሮብ ገበያ
ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥሩብርሃን ልጄ፤

ደብዳቤሽን ቀድሪያ ድንቿን እስክታስጭን ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ መልሱንም እዚያው እየጻፍኩ ነው። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል ነውና ቢንጋደድ አትሳቂ። የከዘራውን ነገር ከቀድሪያ ጋር ተነጋግረንበታል።

መጀመሪያ የልጁን ልንገርሽ። ለሦስት ወር ቀጭን ሽሮ እያጠጣሽው እኔ እዚህ ጎመን ለጥጃ ስሰጥ ከረምኩ። ይህን ይቅር የምልሽ እኔም ሳልጠይቅሽ ስለቀረሁ ነው። ሌላ ጊዜ ግን አልልሽም።

በሐምሌ ቲማቲም የገዛ ሰው ዝናብ የገዛ ሰው ነው፤ ዝናቡ ደግሞ በነፃ ይወርድልሻል። ገበያ ስትገቢ ዓይንሽ ያማረው ላይ አይረፍ፤ ሁሉም መደብ ላይ የተቆለለው ላይ ይረፍ። ሁሉም የያዘው ነገር ወቅቱ ነው። አንዷ ብቻ ከጀርባዋ አስቀምጣ የምትሸጠው ግን መንገድ የበላው ነው፤ ጉርድሽንም ይበላዋል። አሁን የበልግ ድንች አለ። ጎመን እንደ ልብ ነው፤ ቅጠሉ ለጋውን ምረጪ። ካሮትና ቀይ ሥር አለ። ኮክ ጀምሯል። ነሐሴ ሲጋመስ የበቆሎ እሸት ይመጣልሻል፤ መስከረም የባቄላ እሸት፤ ጥቅምትና ኅዳር ዱባ። ቲማቲምሽን ታኅሣሥ ላይ ትበያለሽ፤ ያን ጊዜ የሚገዛው እስኪጠፋ ይበዛል። ማንጎ ከዓባይ በረሃ በግንቦት ይወጣል። እስከዚያ አትመኚው።

ለልጁ ኮኩን ልጠሽ፣ በትንሽ ውሃ አብስለሽ ፍጪለት። ድንቹን ከእንቁላል አስኳል ጋር። ጎመኑን አድቅቀሽ በዚያው ላይ። ቀድሪያ ኮክ የምትገዛው ከእኔ ጓሮ ነው። ትልልቁን ለአንቺ ለይታ እንድታስቀምጥ ነግሬያታለሁ።

አሁን ወደ ስሙ። በሰማንያ ቀንሽ በነጭ ነጠላ ታቅፌሽ፣ ካህኑ ፊት ቆሜ የተቀበልኩት ስም ድንች መግዣ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም። ግን ልጅ የሚያድግበት ከሆነ ኪዳነ ምሕረት የምትቆጣ አይመስለኝም፤ እኔም አልተቆጣሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከአገር ሁሉ ተደብቀሽ የገባሽበት ስም አባትሽ የሚያውቁት ስም ነው። አገር ሁሉ አንብቦ ያልፈዋል፤ እሳቸው አንድ ጊዜ ካዩት አበቃ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አልነግራቸውም። ፊት ለፊት ከጠየቁኝ ግን ምን እንደምል አላውቅም፤ እንዳይጠይቁኝ ለሚካኤል ተስያለሁ።

አንጓች


ደብረ ማርቆስ
ሐምሌ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክርስትና እናቴ፤

ኮኩን በላው ወይ ላሉኝ፣ በላው እንዴት ይባላል። የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲቀምስ ፊቱን አጨማደደ፤ ሊተፋው ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ዋጠውና ማንኪያውን ይዞ አልለቅም አለ። አሁን ቀድሪያ ከመደቧ ጀርባ ስትነሳ ገና ሳያያት በድምጿ ይዘልላል። እሷም «ደንበኛዬ መጣ» ትላለች፤ እኔን ሰላም የምትለኝ ከእሱ ቀጥላ ነው።

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። የተቆለለውን ፈለግሁ። ለድንቹ የአንድ ጉርድ ግማሽ ይበቃል፤ በቀረው ካሮት፣ ጎመንና አራት እንቁላል ያዝኩ። እኔም ቀይ ሥር ቀቅዬ በላሁ፤ ወተቴ ራሱ የጨመረ መሰለኝ። አከራዬ «ሽታው ከአንቺ ቤት ነው እንዴ?» ብላ እስከ በሬ መጣች። ለእሷም ሰጠኋት። እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ የምቀበለው፤ ደስ አለኝ።

ጾሙ ከነገ ወዲያ ይገባል። እንቁላሉን ምን ላድርገው? አንድ ግቢ አምስት ቤተሰብ ነን፤ በፍልሰታ እንቁላል ስቀቅል ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?

ሌላው ነገር ጥሩ አይደለም። መዝጋቢው ልጅ ፍቅረ ሥላሴ ይባላል፣ ዲያቆንም ነው። ዛሬ የነሐሴውን ኩፖን ሊሰጠኝ ሲል መታወቂያ አምጪ አለኝ፤ አዲስ ደንብ ነው። የቀበሌ መታወቂያዬ ጥሩብርሃን ይስማው ይላል፣ የእሱ መዝገብ ወለተ ኪዳን ወልደ ሰንበት። ሁለቱን እያፈራረቀ አየ። እውነቱን ነገርኩት። አልሳቀብኝም፤ እኔም የክርስትና ስም አለኝ፣ አንድ ሰው መሆንሽ አይጠፋኝም፣ ግን እኔ ስላወቅሁ አይበቃም አለኝ። የነሐሴውን ሰጠኝ። ለሚቀጥለው ግን ከተጠመቅሁበት ቤተ ክርስቲያን ማኅተም ያለው ማረጋገጫ ይፈልጋል። እስከ ነሐሴ 20 ካላመጣሁ ስሜ ይሰረዛል፤ ቦታው ለሌላ እናት ይሰጣል።

የጥምቀት መዝገቡ ሣጥን ቁልፍ በማን ወገብ ላይ እንደሚንጠለጠል እኔም እርስዎም እናውቃለን። ለአባቴ ምክንያቱን ሳይነግሩ ወረቀቷን ሊያወጡልኝ ይችላሉ? ለመታወቂያ ነው ቢሏቸው ውሸት አይሆንም፤ በግማሽ እውነት ነው።

ልጅዎ ጥሩብርሃን


ሮብ ገበያ
ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥሩብርሃን፤

እንቁላሉን ቀቅይ። የአሥር ወር ሕፃን ጾም አልገባም። አንቺም ንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ የምታጠባ ሴት ነሽና የሚሉሽን ስሚ፣ ከእሳቸው የበለጠ አጽዋሚ አድርጎ ማንም አልሾመሽም። ጎረቤት ያየኛል ካልሽ ክፍት በር ላይ ቀቅይው። ተደብቆ የተቀቀለ ነው የሚያስጠረጥር።

ወረቀቷን በሚመለከት ሄጄ ነበር። አልሆነልኝም። እንደሆነው ልንገርሽ።

አባትሽ ከቅኔ ማኅሌት ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸው። ጥሩብርሃን ለመታወቂያ የጥምቀት ማረጋገጫ ትፈልጋለች አልኳቸው፤ እንደ መከርሽኝ። የትኛው መሥሪያ ቤት ነው የክርስትና ስም የሚጠይቅ አሉኝ። ቀበሌ አልኩ። ቀበሌ ጥሩብርሃንን ነው የሚያውቃት፣ ወለተ ኪዳንን የምናውቃት እግዚአብሔር፣ አንቺና እኔ ነን አሉኝ። የክርስትና ስም ለቁርባንና ለፍትሐት እንጂ ለጽሕፈት ቤት ወረቀት አይሰጥም፣ ይህን ያህል ዘመን የመዝገቡን ቁልፍ ስይዝ አንድም ስም አውጥቼ አልሰጠሁም አሉ። ከፈለገች እሷው ትምጣ ብለው ጨረሱ። እኔም ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ።

ዓይናቸው ግን ተከተለኝ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነን፤ አንድ ነገር እንደሸተታቸው አውቄያለሁ።

ያንን ዲያቆን ጠይቂልኝ። የክርስትና እናት ቀርባ ብትመሰክር አይሆንም ወይ? ጉልበቴን አስሬም ቢሆን እመጣለሁ።

አንጓች


ደብረ ማርቆስ
ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክርስትና እናቴ፤

የቡሄ ልጆች ግቢያችን ገብተው ሲጨፍሩ አምደሚካኤል በጭብጨባ ሊገላቸው ነበር። ሙልሙል ሳይሆን የተቀቀለ በቆሎ ሰጠኋቸው፤ አለቃቸው ቅር ሳይለው ተቀበለኝ። እርስዎ እንዳሉት የበቆሎው እሸት መጥቷል፤ ጉርዴ በአንድ ጊዜ አቅፌ የማልችለውን ያህል ይሰጠኛል። ይህን የምጽፈው መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርዎ ብዬ ነው።

ሕሊና ትናንት ልጁን ለክታው ነበር። አሁንም ቢጫ ነው፤ ግን ከአረንጓዴው ጋር የሚዋሰንበት ላይ ደርሷል። እንዲሁ ሁለት ሳምንት ከቀጠልሽ ይሻገራል አለችኝ።

ፍቅረ ሥላሴን ጠይቄዋለሁ። የክርስትና እናት ምስክርነት አይበቃም አለ። ማኅተም ያለው ወረቀት፣ ወይም እናት ወይም አባት በአካል። እናቴ በሕይወት የለችም። የቀሩት አንድ ሰው ናቸው።

አንሙት ያውቃል ወይ ላሉኝ፣ ያውቃል። ሲደውል ነገርኩት። ልጁ ይብላ እንጂ በማን ስም እንደሆነ እኔ አልጠይቅም አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ አባትሽ ከወሰዱሽ ግን ተመልሼ ልለምናቸው ፊት የለኝም አለ።

እትዬ አንጓች፣ ሰባት ቀን ቀርቶኛል። መጥቼ ለአባቴ ብነግራቸው ቤቴን አጣለሁ። ዝም ብል ልጄ እዚያ ቢጫው ላይ ይቀራል፣ ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። እስከ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ የምይዝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ድንች እየላጥሁ አሰብኩትና፣ ኩፖኑ ይቅር አልኩ። ከዚያ ልጁ የድንቹን ልጣጭ ከምድር ላይ እያነሳ ሲጫወትበት አየሁና ያልኩትን መልሼ ዋጥሁት። ምን ላድርግ? እርስዎ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ልጅዎ ጥሩብርሃን


ሮብ ገበያ
ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥሩብርሃን ልጄ፤

ይህን ሮብ እስኪደርስ ማቆየት አልቻልኩም፤ በሁለተኛው ሚኒባስ ሾፌር ሰድጄዋለሁ። ቀድመውት ይደርሱ ይሆናል፤ አባትሽን ማለቴ ነው። ዛሬ በመጀመሪያው መኪና ወጥተዋል።

ነግሬያቸዋለሁ። ቁጭ በይና ስሚኝ፣ ከዚያ ትፈርጂብኛለሽ።

ሐሙስ ዕለት፣ የጾሙ መጨረሻ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ጠበል ጠጥቼ አፌን ሳልጠርግ መጡና ፊቴ ቆሙ። ስለ መታወቂያም ስለ ቀበሌም አልጠየቁኝም። «አንጓች፣ ልጄን ምን ቸገራት?» ነው ያሉኝ። በዚያ አፍ እንዴት ልዋሽ? ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የልጁን ክንድ፣ ሽሮውን፣ ኩፖኑን፣ ግድግዳውን፣ ስሙን። ለምን በክርስትና ስም ሲሉኝ አንድ ጊዜ አመነታሁ። ከዚያ እርስዎ ሰንበቴ ላይ የተናገሩትን ስለሰማች ነው አልኳቸው። ልጄ፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ግን ሲወጣ በጣም ከበደኝ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ዓርብም ቅዳሜም ሰላምታ ብቻ። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ወደ ወለተ ማርያም ቤት ሲሄዱ አየኋቸው። ደጇ ላይ ጎንበስ ብለው ቆሙ፤ ግቡ ብትላቸው አልገቡም። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ብቻ ስትሸኛቸው እስከ አጥሩ ድረስ ወጥታ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ከጭቃው ላይ አንስታ ትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው።

ዛሬ ጠዋት በጋቢያቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ወጡ። ወዴት ነው ብላቸው «ማርቆስ» አሉ፤ ሌላ ቃል አላገኘሁም። ሊወስዱሽ ይሁን ሊያዩሽ፣ በፊታቸው ላይ ማንበብ አልቻልኩም።

ከመጡ አትደበቂ። ቤቱን ጥረጊ፤ ልጁን አልብሺና እጃቸው ላይ አስቀምጪላቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላውቅ።

ተበሳጭተሽብኝ ከሆነ መብትሽ ነው።

አንጓች


ሮብ ገበያ
ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጥሩብርሃን፤

ቀድሪያ ያለ ደብዳቤ መጣች። ምን ሆነች ብላት ሳቀችና ራሷ ትጻፍልዎት አለችኝ። ነጋዴ ሆና ወሬ ስትሰስት የመጀመሪያዋ ናት።

አባትሽ ሰኞ ማታ የመጨረሻው መኪና ጥሏቸው፣ ከራስ እስከ እግር ርሰው ተመለሱ። ቤታቸው ሳይገቡ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ትናንት ጠዋት ፀሐይ ብቅ ስትል ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የጥምቀት መዝገቡን ገልጠው ቅጠል በቅጠል ሲያደርቁ አገኘኋቸው። ምን ሆኖ ነው ብላቸው ዝናብ ነካው አሉ። መዝገብ ከሣጥን ሳይወጣ ዝናብ ይነካዋል ወይ ብላቸው ቀጣዩን ቅጠል ገለጡ። ጠዋቱን ሙሉ ዜማ ሲያንጎራጉሩ ቆዩ።

አኩርፈሽም ቢሆን ጻፊልኝ። እኔ ሰው ነኝ።

አንጓች


ደብረ ማርቆስ
ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክርስትና እናቴ ለእትዬ አንጓች፤

ባለፈው ሮብ ቀድሪያን ባዶ እጇን መስደዴን ይቅር ይበሉኝ። አልተቆጣሁም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም በእንባ አበላሸሁት፤ ወረቀቱም አለቀብኝ።

የእርስዎ ደብዳቤ ሰኞ ከሰዓት ደረሰኝ። ቤቱን ጠረግሁ፣ ልጁን አለበስኩ፣ ድንች ቀቀልኩ፣ በሩን ከፍቼ ተቀመጥሁ። እስኪመሽ ጠበቅሁ። አባቴ አልመጡም። ተቆጥተው ቀርተዋል ብዬ ሌሊቱን አልተኛሁም። ማክሰኞ የመጨረሻው ቀን ስለነበር፣ ስሜ ሲሰረዝ ልየው ብዬ ወደ ፍቅረ ሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። የሆነውን የሰማሁት ከእሱ ነው።

አባቴ ሰኞ ጠዋት እዚያ ደርሰው ነበር። እናቶች ከነልጆቻቸው ተሰልፈዋል። አባታችን ይለፉ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ መጨረሻ ላይ ሄደው ቆሙ። ከሕፃናቱ ጋር፣ ጋቢያቸው እየተንጠባጠበ፣ ተራቸው እስኪደርስ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ተሰለፉ። ሰልፉ ላይ የሮብ ገበያም ሰው ነበረበት፤ እጅ ነስቷቸዋል።

ተራቸው ሲደርስ ላስቲኩን ፈቱና መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ማረጋገጫ ጽፈው ማኅተም መምታት አንድ ወረቀት ነበር፤ እሳቸው ግን የክርስትና ስም አውጥቼ አልሰጥም እንዳሉ ነው፣ መዝገቡን ራሱን ይዘው መጡ። ፍቅረ ሥላሴ ብድግ ብሎ መጽሐፉን ተሳለመ። የእኔን መስመር በጣታቸው አሳዩት፤ ወለተ ኪዳን፣ የጥሩብርሃን የክርስትና ስም፣ የክርስትና እናት አንጓች። እሱም ይበቃል አባቴ፣ መዝገቡ ላይ ወለተ ኪዳን ወልደ ሰንበት እንዳለ ይቆይ፣ ከጎኑ የመታወቂያውን ቁጥር እጽፋለሁ፣ ማንም አያውቅባችሁም አላቸው። ልጁ ደግ ነው፤ ሊሸፍንልን ፈልጎ ነው።

አባቴ እንዲህ አሉት፤ «ወለተ ኪዳን ወልደ ሰንበት የሚለውን ሰርዘው። ጥሩብርሃን ይስማው ብለህ ጻፍ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀን በዚያ ነው።»

ግድግዳ ላይ እኮ ይለጠፋል አላቸው።

«ለዚያ ነው የመጣሁት» አሉት።

ቤቴ ያልመጡት ተቆጥተው አልነበረም። መዝገቡ ከዕቃ ቤት ውጭ ማደር የለበትም ብለው፣ መኪና እንዳያመልጣቸው ሮጠው ነው። ለልጄ ንገራት፣ ለዘመን መለወጫ እመጣለሁ፣ ለመውሰድ አይደለም፣ ልጠይቃት ነው ብለውታል። ፍቅረ ሥላሴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁን እንደ እሳቸው ሊያወፍር ሞክሮ አልሆነለትም።

አምደሚካኤል ዓርብ ዕለት አረንጓዴው ላይ ገባ። ሕሊና ሁለት ጊዜ ለካችው፤ እኔ ስላላመንኳት። ኩፖኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው አይቋረጥም። በአዲሱ ኩፖን የመጀመሪያ ጉርድ ድንች፣ በቆሎና የመጨረሻዎቹን ኮኮች ገዛሁ፤ ቀድሪያ አብቅቷል፣ ከእንግዲህ ከእትዬ አንጓች ዛፍ ላይ የሚወርደው ቅጠል ብቻ ነው ብላኛለች። ለአባቴ የጻፍኩትን ታሽጎ ከዚህ ጋር ያገኙታል። አይክፈቱት። እንደሚከፍቱት አውቃለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዝርዝሩ ተለጠፈ። ልጁን አዝዬ ሄድኩ። ሚኒባስ የሚጠብቁ ሰዎች እንደ ልማዳቸው ቆመው ያነባሉ። ዶሮ የያዙ አንዲት እናት ጣታቸውን ከመስመር መስመር እያወረዱ ጮክ ብለው ሲያነቡ ከስሜ ደረሱ። ጥሩብርሃን ይስማው አሉ። አቆሙና ወደ ጎናቸው ዞረው የእኛ መሪጌታ ይስማው ልጅ ትሆን እንዴ ብለው ጠየቁ።  የሚያየኝ ሰው አልነበረም፤ ዝም ብዬ መሄድ እችል ነበር።

እኔ ነኝ አልኳቸው። ከዚያ አምደሚካኤልን ከጀርባዬ አውርጄ አሳየኋቸው።

ልጅዎ ጥሩብርሃን ይስማው